የሊቀመንበር ሰደርያ

እናትየው ጠዋት ተነስታ የውሻውን ሳህን አጠበች። ማጠቧስ ምንም አልነበረም፤ አጥባ ስታበቃ ምስር ዘፈዘፈችበት። ልጇ ጥልፍ ጥርሱን እየቦረሸ በር ላይ ቆሞ ሲያያት አረፋው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ያቺ ጠርዟ የተነከሰ ጎድጓዳ ሳህን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደጃፉ ተነስታ አታውቅም። የጠፋው ውሻ ድንገት ቢመጣ ጠምቶት ይሆናል ብሎ ጥልፍ በየማታው ውሃዋን ይቀይር ነበር። "እማ፣ ሲመጣ በምን ሊበላ ነው?" አላት አረፋውን ተፍቶ። ምስሩን በጣቷ አማሰለችው እንጂ ቀና ብላ አላየችውም። "ድስቱ ሁሉ ተይዟል" አለች። ጥልፍ መደርደሪያውን አየ። ድስቶቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፈው፣ ክዳናቸውን እንደ ባርኔጣ ደፍተው፣ ሥራ ፈተው ቁጭ ብለዋል። ነገ ጠዋት ልቧን ሊከፍቱላት ሆስፒታል የምትገባ ሴት በድስት ጉዳይ አትሞገትም።

ጥልፍ የተባለው ልብስ ሰፊ ስለሆነ አይደለም፤ ስሙ ሙያውን ይቀድመዋል። ተማሪ ሳለ እግሩን ዘርግቶ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠለፈ ሲጥል ኖሮ፣ በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩን ጠልፎ ከነወረቀታቸው ደረጃው ላይ ዘረጋቸውና የእሱም ትምህርት እዚያው ተዘረረ። እናቱም "እግርህ እንዲህ ካላስቀመጠህ በዚህ ተጫወት" ብላ የሟች አባቱ የስፌት መኪና ፔዳል ላይ አስቀመጠችው። ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ አንድ መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ወገቡ የተሰበረ መስታወት፣ ባለቤቶቹ ወፍረው ወይ ከስተው ያልመጡላቸው ሱሪዎች። ጨርቅ ሊቆርጥ ሲል መቀሱን መጀመሪያ አየር ላይ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። ለምን ቢሉት "ጨርቁ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ" ይላል። ዳቦም የሚቆርጠው በዚያው መቀስ ነው። እናቱ "የሰው ክር ልታበላኝ ነው?" እያለች ስትጮህበት ኖራ ሰለቻት።

ውሻው ሊቀመንበር የተባለው ደግሞ ደፉ ላይ ደረቱን ነፍቶ ሲቀመጥ ስብሰባ የሚመራ ስለሚመስል ነው። አላፊ አግዳሚው "ሊቀመንበር፣ የዛሬው አጀንዳ ምንድን ነው?" ሳይለው አያልፍም። ንግግር ከጀመረ ማንም አያስቆመውም፤ ለቆሻሻ መኪና ይናገራል፣ ለጨረቃ ይናገራል፣ ለፖስተኛው ረዘም ያለ ነገር አለው። ዝም የሚለው የመቀሱን ቀጭ ቀጭ ሲሰማ ብቻ ነው። ያኔ ከየትም ይሁን እየበረረ ይመጣና ጥልፍ ጉልበት ላይ አገጩን ጥሎ ዳቦውን ይጠብቃል። የጠፋ ቀን ጥልፍ መቀሱን ይዞ በዝናብ ሰፈር ለሰፈር ዞሯል፤ ሰው አበደ እስኪለው በየቱቦው አፍ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ አመሸ። ታላቅ ወንድሙም አብሮት ዞሯል። እንዲያውም ከሁለቱ አብልጦ የተጣራው እሱ ነበር። "ሊቀመንበር! ሊቀመንበር!" እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾ፣ በማግስቱ ሥራ ቦታ ማውራት አቅቶት ዋለ።

ታላቅየው የሚሠራው ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው የምርምር ቤት ነው። እንስሳት ይመግባል፣ ያጥባል፣ ሐኪሞቹ "ያዝ" ሲሉት ይይዛል። ለጥልፍም አልፎ አልፎ ሥራ ያመጣለታል፤ አረንጓዴ ጨርቅ ከነልኩ ይሰጠውና "እጀ ጉርድ፣ ጀርባው ላይ የሚታሰር" ይለዋል። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ውሾች ስፌታቸውን እንዳይልሱ የሚለብሱት ሰደርያ ነው። ጥልፍ "ከረባትስ አይጨመርላቸውም?" እያለ እየሳቀ ይሰፋል። የማን ውሻ፣ ምን ሆኖ፣ ከዚያስ ምን ይሆናል ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ሥራ ሥራ ነው፤ ሱሪ ይዞ የመጣን ሰው የት ልትሄድበት ነው አይሉትም። ባለፈው ሳምንት ደረቱ ሰፊ የሆነ ትልቅ ሰደርያ ሰፍቶ ሰጥቷል። የተረፈችውን ጨርቅ ደግሞ ለእናቱ የሆስፒታል ልብስ አደረጋት፤ ፊት ለፊት የሚከፈት፣ ባለ ማሰሪያ። የእናትየው ልብ ውስጥ ያለች አንዲት በር አልገጥም ብላ ደሟ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያፍናታል። ሦስት ትራስ ተደግፋ ካልሆነ እንቅልፍ የለም። ለቀዶ ጥገናው ተራ ለከርሞ ተብላ ነበር፤ በቅርቡ ድንገት ለነገ ሆነች። ሰፈሩ ሁሉ "ተመስገን" አለ፤ ጥልፍም አለ፤ እንዴት ሆነ ያለ የለም።

ያን ቀን ታላቅየው ደም የሚሰጡ ጓደኞቹን ሊለምን በጠዋት ወጥቶ ስልኩን ቻርጅ ላይ ረስቶት ሄደ። ረፋዱ ላይ ሲጮህ ጥልፍ አነሳው። "አንተ፣ ያ የትልቁ ውሻ ሰደርያ ብብቱን ይዞታል!" አለች አንዲት ሴት፣ ሃሎ እንኳ ሳትል። "ስፌቱን እያሻሸው ነው። ሐኪሙ ነገ በጠዋት ያየዋል። ያንን ሰፊ ተሸክመህም ቢሆን አሁኑኑ አምጣልኝ!" ዘጋችው። ጥልፍ መቀሱን፣ መርፌውንና ልዩ ልዩ ክሩን በኪሱ ከትቶ "እማ፣ ደንበኛ ጠራኝ፤ ባለ አራት እግር ነው" ብሏት ወጣ። እናትየው ምስሩን ታጥብ ነበር። የሄደበትን አልጠየቀችውም።

የምርምር ቤቱ ግቢ ውስጥ የሚሰማ ነገር ቢኖር የራሱ ጫማ ብቻ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ በመድኃኒት ታጥቦ ዓይን የሚያቃጥል። ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ቦቲ ያደረገች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሠራተኛ በሩን ከፈተችለት። እዚያ ሁሉም ቦቲዋ ነው የሚላት። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ሰፊው አንተ ነህ? ወንድምህ 'እግሩን ያመዋል፣ ከቤት አይወጣም፣ ልኩን ስጡኝና እኔ እወስድለታለሁ' ሲለኝ እኮ ሽማግሌ መስለኸኝ!"

"እግሬን ካመመኝ የጠለፍኳቸው ሰዎች እርግማን ነው እትዬ" አላት። ሳቀች። እሱ ግን ነገሩ ጆሮው ውስጥ ገብቶ እንደ ትንኝ ዞረ። ወንድሙ ለምን እግሩን ያመዋል ይላል?

የውሾቹ ክፍል ረዥም ነው። ግራና ቀኝ የብረት ጎጆ፣ በየጎጆው አንድ ውሻ፣ መሃል ላይ ጠረጴዛ። ሰው ሲገባ ሁሉም ተነሱ። ጅራታቸው ብረቱን ይመታል፣ አፋቸው ይከፈታል ይዘጋል፣ ግን ጩኸት የለም። "ምነው፣ ስብሰባ ላይ ናቸው?" አለ ጥልፍ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረበት። ቦቲዋ ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፍታ ዘጋች። "ገና ሲገቡ ጉሮሯቸው ውስጥ ያለችውን የድምፅ ጅማት ቅጭ ያደርጓትና አለቀ። ከግድግዳው ወዲያ በሽተኛ ተኝቷል እኮ፤ ሌት ተቀን ቢያላዝኑበት ማን ይችላቸዋል? አያማቸውም፣ ተደንዝዘው ነው።" አንዲት ትንሽ ውሻ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችለት። "ያኛው ትልቁ ጥግ ላይ ተኝቷል፣ ትንሽ ይረፍ። መጀመሪያ የእሷን ማሰሪያ አሳጥርልኝ፤ እየረገጠችው ትወድቃለች።" ጥልፍ ማሰሪያውን ለካ፣ መቀሱን አወጣ፣ እንደ ልማዱም አየር ላይ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አደረገ።

ጥግ ላይ ያለው ጎጆ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ትልቁ ውሻ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። ደረቱ ላይ አረንጓዴ ሰደርያ አለ። አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ አፉን እስከ ጥግ ከፈተ፤ ሆዱ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ እያለ እንደ ተበሳ ጎማ ፊስስ የሚል አየር ብቻ ወጣው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል። ይሄም የበላበትን መቀስ ሰምቶ የሚጮኸውን ያህል ጮኸ፤ ከጎኑ ያለው እንኳ አልሰማውም። ጥልፍ መጀመሪያ ውሻ ከውሻ ይመሳሰላል ብሎ ራሱን ሊሸነግል ሞከረ። ከዚያ በድመት የተቦጨቀች የግራ ጆሮውን አየ። ማሰሪያውን ሳይቆርጥ መቀሱን ዝቅ አደረገ።

"ታውቀዋለህ እንዴ?" አለች ቦቲዋ።

"ሊቀመንበር ነው።"

"የምን ሊቀመንበር?"

"የሰፈራችን።"

ልትስቅ ብላ ፊቱን አይታ ተወችው። ቀስ ብላ ትንሿን ውሻ መለሰችና የጥጉን ጎጆ ከፈተች። "ወንድምህ ነው ያመጣው" አለች። "ያንተ መሆኑን ግን አልነገረንም። ሐኪሙ ትልቅና ሰው የለመደ ውሻ ካላገኘሁ ብሎ ነበር። የመንገዱ ይነክሳል፣ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ልቡ ይረበሽና ሥራው ይበላሻል። ይሄ መርፌ ስንወጋው እጃችንን ይልሳል! ስንት ዓመት ሠራሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም።" ልቡ ውስጥ አዲስ በር እንደተተከለለት፣ በሩም እስካሁን ደህና እየከፈተ እየዘጋ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ነገ ጠዋት ይሄንን ልብ አይቶ ወደ ሰው እንደሚገባ ነገረችው። "ከእሱ ቀጥላ እናታችሁ ናት" አለች። "የመጀመሪያዋ ሰው። ወንድምህ ውሻውን አመጣ፣ ሐኪሙ ተራዋን አመጣ። ይሄ ነው ነገሩ። በኋላ ሰማሁ እንዳትል።"

ጥልፍ የጎጆው በር ላይ የተንጠለጠለውን ማሰሪያ እያየ ነበር። ገመድ አይደለም፤ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ነው፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። የእናቱ የቤት ቀሚስ ጠርዝ። አምና ሲያሳጥርላት ቆርጦ የጣለውን እሷ "ለአንድ ነገር ይሆናል" ብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከትታው ነበር። መሳቢያው የሚከፈተው በእሷ ቁልፍ ነው። ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ቦቲዋ ባልዲዋን አነሳች። የኋላውን በር በአገጯ አሳየችው። "በሱ ውሃ ልቀዳ ነው። ሳይቆለፍ ይቆያል። ባልዲዬ ደግሞ ቀዳዳ ስለሆነ ቶሎ አይሞላልኝም" አለችና በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

ሊቀመንበር ከጎጆው ወጥቶ አገጩን ጥልፍ ጉልበት ላይ ጣለ። ከስቷል። ሽታው ሁሉ የመድኃኒት ሆኗል። ጥልፍ ሰደርያውን ፈታለት። ስፌቱ ከአንገቱ ስር ጀምሮ ደረቱን ሰንጥቆ ወርዷል፤ ጥሩ ስፌት ነው፣ እሱ ራሱ እንዲህ እኩል አይጥልም። ብብቱ ስር ሰደርያው በልቶት ቀልቷል። ባለፈው ሳምንት እየዘፈነ የሰፋው ይሄንን ነው። አሁን ብብቱን ከፈተው፣ ጠርዙን አጥፎ በእጁ ለቀመው፣ መልሶ አለበሰው፣ ጀርባው ላይ አሰረለት። ውሻው ልብሱ እንደተመቸው ሲያውቅ እየተንገዳገደ ሄዶ የተገረበበው በር ደፍ ላይ ቁጭ አለ። እንደ ድሮው ደረቱን ነፍቶ። ዞሮም አየው፤ እንሂዳ፣ ምን ትጠብቃለህ የሚል ዓይነት አስተያየት።

በሩ ክፍት ነው። መንገዱ ከአጥሩ ወዲያ ነው። ጥልፍ ተሸክሞት ሲወጣ ታየው። ቀጥሎ ደግሞ እናቱ ሦስት ትራሷን ተደግፋ ታየችው፤ ነገ ጠዋት ሐኪሙ ባዶ ጎጆ አይቶ "ተመለሱ፣ ለከርሞ" ሲላቸው፣ ከርሞን ደግሞ እንደማትደርስበት። በስሙ ጠራው። አልመጣም። ድጋሚ ጠራው። ሊቀመንበር ጅራቱን ወለሉ ላይ መታ እንጂ ከደፉ አልተነቃነቀም። ያኔ ጥልፍ ጎጆው ውስጥ ግማሽ አካሉን አስገብቶ መቀሱን አነሳና ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አደረገ። ውሻው ባለችው አቅም ሁሉ እየሮጠ መጣ። ጎጆው ውስጥ ገባ። እጁን አሸተተ፣ ኪሱን አሸተተ፣ ወለሉን አሸተተ፤ ዳቦ የለም። ቀና ብሎ ሲያየው ጥልፍ ወጥቶ መወርወሪያውን ዘጋው።

ቦቲዋ ተመልሳ መጣች። ባልዲው እስከ አፉ ሞልቷል፣ አንዲት ጠብታ አያፈስም። የተዘጋውን ጎጆ አየች፣ ጥልፍን አየች፣ ወለሉን መወልወል ጀመረች።

ወደ ቤት ሲመለስ ረዥሙን መንገድ ያዘ። ዳቦ ቤቱ ጋ ቆመ፣ ዋጋ ጨምሯል ተብሎ ሰው ከሻጩ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ሳይገዛ ሄደ። አንዱ ጎረቤት "ጥልፌ፣ ሊቀመንበር አልተገኘም?" አለው። "ሹመት አግኝቶ ሄዷል" አለ። ጎረቤቱ ስቆ አለፈ። ጥልፍ በሕይወቱ ሰው አስቆ እንዲህ አፉ ሬት ሆኖበት አያውቅም።

ሲደርስ ታላቅየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእናቱን ዕቃ ሻንጣ ውስጥ ይከታል፤ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ ማበጠሪያ። እሷ ትራሷን ተደግፋለች። ጥልፍ ከኪሱ ሰማያዊውን ጨርቅ አውጥቶ ሻንጣው ላይ ጣለው። ማንም ማንንም አላየም። ታላቅየው ጨርቁን አንስቶ ያጥፈው ጀመር፤ አጠፈው፣ አጠፈው፣ ጣት እስኪያክል።

"ጋሼ፣ በዝናብ አብረኸኝ ዞረሃል እኮ" አለ ጥልፍ።

"ምን ላድርግ?"

"ቢያንስ ቀስ ብለህ አትጣራም ነበር? ድምፅህ እስኪዘጋ?"

ታላቅየው ተነሳ። "እማ ወይስ ውሻ? እሺ ንገረኝ፣ እማ ወይስ ውሻ? የምትውጠውን ኪኒን ሁሉ ከእሷ በፊት ማን የዋጠው ይመስልሃል? ሰደርያውን ስትሰፋ ለማን መስሎህ ነበር፣ ለሠርገኛ? የሰው ውሻ ሲሆን ከረባት ልጨምርለት ትላለህ፣ ያንተ ሲሆን ጊዜ ግፍ ሆነ?"

ይሄ ቦታውን አገኘው። ጥልፍ ግድግዳውን ተደገፈ። "ልክ ነህ" አለ። "ግን አልጠየቅከኝም።"

"ብጠይቅህ ትሰጠኝ ነበር?"

"እኔ እንጃ። ምናልባት አዝዬው እመጣ ነበር። አሁን በምን ላውቅ ነው? እሷን ዕድል እንኳ ቀማኸኝ።"

"እሱን ተወው" አለች እናትየው። እስካሁን ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነበር። በየቃሉ መሃል እየተነፈሰች ነው የምታወራው። "እኔ ነኝ። ውሻው ለእሱ እምቢ ብሎት ነበር። ከደፉ አልነሳ አለ። እያጉረመረመ... እኔ መጥቼ አንገቱ ላይ ሳስርለት ተነሳ። እስከ መኪናው አብሬው ሄድኩ፤ እጄን እየላሰ።" ትራሷን አስተካከለች። "ልጆቼ አድገዋል፣ ይበቃኛል እል ነበር። ዋሽቼ ነው። መኖር አማረኝ።"

ጥልፍ ጠዋት ምስር ስለዘፈዘፈችበት ሳህን የሚጠይቃትን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ሁሉም ጠፋበት። ኪሱ ውስጥ መቀሱ ከብዶታል። በዚያው መቀስ እንዴት አድርጎ እንደጠራው ለማን ይናገራል?

"ደህና ነው?" አለች እናትየው ድንገት። "ይጮሃል?"

ታላቅየው ወለሉን አየ። ጥልፍም ወንድሙን አየ። ዓይኑን በጨው አጥቦ መዋሸት ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ልጅ ሆኖ የሰበረውን ብርጭቆ ሁሉ በድመት አላክኳል።

"መች ዝም ይላል?" አለ። "ያንን ሁሉ ውሻ ሰብስቦ ንግግር ሲያደርግ ነው ያገኘሁት። ሠራተኞቹ ራሱ ማስቆም አቅቷቸዋል።"

እናትየው ፈገግ አለች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ። "አይ ሊቀመንበር" አለች። ከዚያ አረንጓዴዋን ልብስ ለመለካት ቀና አለች። ሁለቱ ልጆቿ ግራና ቀኝ ሆነው አለበሷት፣ ታላቅየው ማሰሪያዋን አሰረላት። እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ፊቷ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ። "ጥልፌ፣ ብብቴን ያዘኝ" አለች።

ጥልፍ መቀሱን አወጣ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ አየር ሊነሳ ሲል ያዘው። የመቀሱን ሁለት ምላስ በግራ እጁ ጨብጦ፣ እንዳይጋጩ፣ እንደ ሌባ ቀስ አድርጎ ብብቷ ስር ያለውን ስፌት ይተረትረው ጀመር። አንድም ድምፅ አልተሰማም። እናትየው ግን መቀሱን ስታይ ዞር ብላ በሩን አየች፤ ጥልፍ ቆርጦ እስኪጨርስ ዓይኗን ከደፉ ላይ አላነሳችም።